የግራዝማች ሀብተ ማርያም ልጓም

መኩሪያ ፕሪየስ መኪናውን ቮክስሆል ድልድይ ላይ አቁሞ ሞተሩን አጠፋ፤ ሬዲዮውን አጠፋ፤ ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ መጸለይ ጀመረ።

«አሁን የሚያስፈልገን ጸሎት ሳይሆን ቼልሲ ድልድይ ነበር» አልኩት።

«መንገድ መሪው ሳትናቭ ነው በዚህ ሂድ ያለኝ፣ ኪዲ።»

«ሳትናቩ ንግሥቲቱ መሞታቸውን አልሰማማ።»

በዚያ ሐሙስ ለንደን ውስጥ ይህን ያልሰማ ሌላ አልነበረም። የአስከሬኑ ሳጥን ዌስትሚንስተር ውስጥ ተቀምጦ ሕዝቡ እያለፈ ይሰናበታል። ሰልፉ የወንዙን ዳር ይዞ እስከማይታይ ድረስ ተዘርግቷል። ከወንዙ ወዲህም ማዶም ያሉት መንገዶች የተዘጉት ተዘግተው የቀሩት ታንቀዋል። እኛ ደግሞ ከባተርሲ ተነስተን ጎልደርስ ግሪን መድረስ አለብን፤ የሚዳኙን ዳኛ ከዘገየን አይጠብቁንም።

አክስቴ ወይዘሮ ጌጤነሽ ሀብተ ማርያም ከኋላ ወንበር መሐል ላይ ተቀምጠዋል። ጥቁር ካፖርት፣ ከላዩ ነጠላ፣ ጭናቸው ላይ ቦርሳ። በመስኮቱ ሰልፉን እያዩ፣

«ይህ ሁሉ ሰው ሳጥን ሊያይ ነው?» አሉኝ።

«አዎ፣ እትዬ።»

«የኛ ጃንሆይ ሲሞቱ ሰልፍ ቀርቶ ሳጥንም አልነበረም።» መኩሪያን ትከሻውን ነካ አደረጉት። «አሜን በልና ንዳ።»

የምንሄድበትን ነገር ያመጣው መኩሪያ ራሱ ነው። ባተርሲ ያለው የአማርኛ ቤተ ክርስቲያናችን ዲያቆን ነው። በሐምሌ አንድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ ማይኩን ይዞ፣ ኪልበርን ውስጥ ድሮ የተገኘ የኢትዮጵያ ዕቃ እንዳለ፣ ያገኙት ሰው እንደሞቱ፣ ልጃቸው ባለቤቱን እየፈለገ የሐበሻ ቤተ ክርስቲያኖችን ሁሉ እንደዞረ ተናገረ። ዕቃው ምን እንደሆነ ግን ሰውዬው አልነገረውም። «የጠፋበት ሰው ራሱ ምልክቱን ይናገር» ብሎታል። እትዬ ከሦስተኛው ረድፍ ተነሱ። ስድሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፤ ሲነሱ ወንበሩን አልደገፉም።

«ልጓም ነው» አሉ። «የአባቴ።»

ታሪኩ በቤታችን የታወቀ ነው። አባታቸው ግራዝማች ሀብተ ማርያም በስድሳ ሰባት መሬታቸውንና ቤቶቻቸውን ተወረሱ። በቀጣዩ ዓመት ቀበሌ ትፈለጋለህ ተብለው በሄዱበት ቀሩ፤ መቃብራቸው አይታወቅም። በስድሳ ዘጠኝ ልጃቸው ጌጤነሽ ለንደን ስትገባ በሻንጣዋ ውስጥ፣ በጋቢ ተጠቅልሎ፣ የአባቷ በቅሎ የብር ልጓም ነበረ። ማዕረግ ሲሰጣቸው ከነበቅሎው የተሸለሙት ነው። በመጀመሪያው ክረምት ከኪልበርን ወደ አርችዌይ ክፍል ስትቀይር ሻንጣውን አውቶቡስ ላይ ረስታ ወረደች። ሄዳ ጠየቀች፤ የለም አሏት። በቃ። ከዚያ ወዲህ ስለ ልጓሙ የሚነሳው አንድ ሰው ሌላ ነገር ሲጠፋበት ብቻ ነው።

ጎልደርስ ግሪን የደረስነው እየሮጥን ነው፤ መኩሪያ ከታች መኪናው ውስጥ ቀረ። ክፍሉ ከአንድ ዳቦ ቤት በላይ ነው፤ ግድግዳው ሁሉ መጽሐፍ፣ ወንበሮቹ የሚታጠፉ፣ በሩ ላይ የዋይፋዩ ፓስወርድ ተለጥፏል። ዳኛው፣ በአይሁዶቹ አጠራር ዳያን፣ ነጭ ጢም ያላቸው አጭር ሽማግሌ ናቸው። ከጠረጴዛው ግራና ቀኝ ሁለት ወንድማማቾች ተቀምጠዋል። ታላቁ ቤንጃሚን ነው፤ ቤተ ክርስቲያን የዞረው። ታናሹ ሞሪስ ይባላል፤ ሱፉ የተዋጣለት፣ ስልኩ ጠረጴዛው ላይ። በመካከላቸው በጨርቅ የተሸፈነ ነገር አለ። እትዬ ጨርቁን አይተው ዓይናቸውን መለሱ።

«በእንግሊዝኛ ይናገራሉ?» ሲሉ ዳያኑ ስለ እትዬ ጠየቁኝ።

እትዬ በሆስፒታል ሥራ ሠላሳ ዓመት እንግሊዝኛ ተናግረዋል። መኪና ውስጥ ግን አቋማቸውን ነግረውኛል፦ «በእንግሊዝኛ አንቱ የለም። በዚያ ቋንቋ ስናገር ሰው ያዝንልኛል እንጂ አይፈርድልኝም።»

«በአማርኛ ይናገራሉ» አልኩ። «እኔ አስተረጉማለሁ።»

«ምን ብዬ ልጥራቸው?»

«ወይዘሮ ጌጤነሽ።»

«ወይዘሮ» አሉ ዳያኑ ቀስ ብለው፤ በትክክል አሉት። እትዬ ራሳቸውን ዝቅ አደረጉላቸው።

እኔ ግን አላስቻለኝም። «ከመጀመራችን በፊት አንድ ጥያቄ አለኝ። ይህ ሕጋችሁ ለእኛ ይሠራል? እኛ አይሁድ አይደለንም።»

«ጥሩ ጥያቄ ነው» አሉ። «ሕጉ መጀመሪያ የሚያስገድደው የወንድምን፣ የአይሁዱን፣ ዕቃ መመለስ ነው። የሌላውን ሰው ዕቃ ብዙዎች የፈጣሪን ስም ለማክበር ሲሉ ይመልሳሉ። የእነዚህ አባት ግን ሲያነሳው የማን እንደሆነ አያውቅም ነበር። ባለቤቱ ማንም ይሁን ማን እንደ ወንድሜ ዕቃ እጠብቀዋለሁ ብሎ ወሰነ። ልጆቹም በዚያው ፍረዱልን ብለው መጥተዋል።»

«እንግዲያው ሙሉውን ፍረዱ። ሲመቻችሁ ሕግ፣ ሳይመቻችሁ ቸርነት እንዳይሆን።»

«ሕግ ተምረሻል?»

«አዎ።»

«ያስታውቃል» አሉ። እንደ ምስጋና አልወሰድኩትም።

ቤንጃሚን ነገሩን ዘረዘረ። አባቱ ኪልበርን ውስጥ ልብስ ሰፊ ነበሩ። አንድ የጸደይ ቀን ከሱቃቸው ጓሮ የተጣለ የተቀደደ ሻንጣ አገኙ፤ ማን እንዳመጣው አልታወቀም። ባለቤቱ ያልታወቀ ዕቃ በሕጋቸው አይሸጥም፣ አይጣልም፤ ነቢዩ ኤልያስ መጥቶ የማን እንደሆነ እስኪናገር ይቀመጣል። ሲቀመጥም እንዳይበላሽ ጠባቂው ይደክምበታል። ስለዚህ ልብስ ሰፊው እስከ ዕለተ ሞታቸው ቆዳውን ቅባት ይቀቡት ነበር፤ ብሩን ግን ምልክቱ እንዳይጠፋ ብለው አልወለወሉትም።

«ምልክቱን ይናገሩ» አሉ ዳያኑ።

እትዬ እጃቸውን ቦርሳቸው ላይ አነባበሩ። «በግራ በኩል ጉንጩ ላይ የሚያርፈው ጠፍር ተበጥሶ እናቴ በቀይ ክር ሰፍታዋለች፤ የጥበብ ክር ነው። ከጆሮው ሥር ካሉት ክብ ብሮች አንዱ ጠፍቶ ነበር። አባቴ በፈንታው ጠገራ ብር አስመቱበት። አንጥረኛው ብሩ ላይ ያለችውን ሴትዮ ፊት ወደ ውጭ አደረገው። አባቴ አስነቀሉት። የባዕድ ንግሥት በበቅሎዬ ራስ ላይ ሆና መንገድ አትመራኝም ብለው ፊቷን ወደ ውስጥ አስገለበጡት።»

ተረጎምኩ። ዳያኑ ጨርቁን ገለጡ። ልጓሙ ጥቁርና ለስላሳ ሆኖ፣ ብሩ ደብዝዞ፣ እዚያው ነበረ። ቀዩን ክር አገኙት። ከዚያ ክቡን ብር በጥፍራቸው ቀና አድርገው ከሥሩ አዩ። የኦስትሪያይቱ ንግሥት ፊት ከቆዳው ጋር ተጣብቆ ታየ።

«የእርሳቸው ነው» አሉ ዳያኑ። ሞሪስም፣ «እሱን ማንም አልካደም» አለ።

ማሸነፋችንን አውቄ ቦርሳዬን አነሳሁ። ዳያኑ በእጃቸው ተቀመጪ አሉኝ።

«ዕቃው የማን እንደነበረ ታወቀ። አሁን የማን እንደሆነ እንይ። ባለቤቱ ተስፋ ቆርጦ በአፉ የተወውን ነገር፣ ከዚያ በኋላ ያገኘው ሰው ይወርሰዋል። ስለዚህ ወይዘሮን ጠይቂልኝ፤ ሻንጣው እንደጠፋ ሲያውቁ ምን አሉ?»

ጥያቄውን ስተረጉም ምን እንደሚመጣ ገባኝ፤ ዘግይቼ። እትዬ ቀና አሉ። ለቅሶ ቤት እንደሚቀመጡት ተቀመጡ።

«ምን እላለሁ? ለበጎ ነው አልኩ። ንብረት ነው፤ የሰው ነፍስ አይደለም። ይሁን ብዬ ተውኩት።»

ይህ መልስ አይደለም፤ አስተዳደግ ነው። ቤቱ የተቃጠለበት ሰው ቤታችን ቢመጣ የሚለው ይህንኑ ነው፤ ሌላ ቢል ባለጌ ይባላል። እትዬ አባታቸውን ለወሰዱባቸው ዓመትም «ለበጎ ነው» ብለዋል። ክፍሉ ውስጥ አማርኛ የምናውቅ ሁለታችን ብቻ ነን፤ ማጣመም እችል ነበር። አላጣመምኩም። ሙሉውን ሕግ ፍረዱ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ቃል በቃል ተረጎምኩ።

ቤንጃሚን ፊቱ ጠቆረ። ሞሪስ ስልኩን ገለበጠው።

«አዝናለሁ» አሉ ዳያኑ። «ይህ በግልጽ መተው ነው። ሟቹ ያገኘው ከዚያ ከወራት በኋላ ነው። በሕጉ ዕቃው የሟቹ ሆኗል፤ አሁን የልጆቹ ነው።»

«ምን አሉ?» አሉኝ እትዬ፤ ሰምተው ሳሉ።

«ስለተዉት የእነሱ ነው አሉ።»

«ከሕግ በላይ የሚሄድ ሰው ግን አለ» አለ ቤንጃሚን ቶሎ ብሎ። «እኔ እንዲሰጣቸው እፈልጋለሁ። በደስታ። እንደ ስጦታ።»

ሞሪስ ራሱን ነቀነቀ። «እኔ ደግሞ ለአባቴ ስም እፈልገዋለሁ። ሙዚየሙ መስታወት አዘጋጅቶለታል፤ ከሥሩ የአባቴ ስም ይጻፋል። ዕድሜውን ሙሉ ቀብቶታል፤ ይገባዋል። እሳቸው በፈለጉት ቀን መጥተው ይዩት።» ከዚያ ወንድሙን አይቶ ለስለስ አለ። «እሺ። ሴትየዋ ከለመኑ ግን እንቢ አልልም። ስጦታ ይሁን።»

ይህንን መተርጎም አላስፈለገም። እትዬ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«ንገሪያቸው» አሉኝ። «ቤታችንን የወረሱ ጊዜ የቀበሌው ሊቀ መንበር መጣ። 'ይህችን ክፍል ሰጥተናችኋል፣ አብዮቱን አመስግኑ' አለን። እናቴ በገዛ ሳሎኗ ቆማ፣ በገዛ ምንጣፏ ላይ፣ እጅ ነሳች። እኔ ከኋላዋ ነበርኩ። የራስን ዕቃ በስጦታ መቀበል ምን እንደሚመስል አይቻለሁ። አልለምንም። አልቀበልም። የኔ ነው በሉና ስጡኝ፤ አለዚያ መስታወታችሁ ውስጥ ይበስብስ።»

እያንዳንዱን ቃል ተረጎምኩ፤ ድምፄ ከሚገባው በላይ ከፍ ብሎ ነበር። ቤንጃሚን መሬት መሬት አየ። ሞሪስ ግን ቀላ።

«ይቅርታ ይደረግልኝና» አለ፣ «አባቴ ሌባም ካድሬም አይደለም። ካርድ ጽፎ መስኮቱ ላይ ለጥፏል። ካርዱ እዚያ ዓመታት ተቀምጧል። ኪልበርን ያለ ሰው ሁሉ አይቶታል። በእውነት የሚፈልግ ሰው ቢሆን ኖሮ...» ትከሻውን ሰበቀ። «አልፈለጉትም። አሁን ሲገኝ ነው የተወደደው።»

እትዬ እንድተረጉም አልጠበቁም። በአማርኛ ፈነዱ።

«አይቼዋለሁ! ንገሪው! አይቼዋለሁ በይው!»

«ምኑን፣ እትዬ?»

«ካርዱን ነዋ! የልብስ ሰፊው መስኮት፣ ከታች፣ ከአዝራር ሣጥን አጠገብ! 'የተገኘ፣ የፈረስ ልጓም፣ ምልክቱን የሚያውቅ ይግባ' ይላል። የፈረስ! የኔ የበቅሎ ነው! ግራዝማች በፈረስ ነው ቤተ መንግሥት የሚሄዱት? የሌላ ሰው የፈረስ ልጓም የኔ ነው ብዬ ልግባ? የሰው ዕቃ ልውሰድ?»

አፌን ከፍቼ ቀረሁ። በቤታችን ይህን ማንም ሰምቶ አያውቅም።

«ተርጉሚ እንጂ፣ አንቺ ልጅ!»

ተረጎምኩ። ቤንጃሚን ከወንበሩ ብድግ አለ። ሞሪስ ግን አልተንቀሳቀሰም።

«ካርዱ ላይ ሌላ ምን ነበረ?» አለ ሞሪስ ቀስ ብሎ።

«ሥዕል ነበረበት» አሉ እትዬ። «የፈረስ ራስ። የሣለው ሰው ደንቆሮ ነው። ጆሮውን እንደ በቅሎ አስረዝሞ ስሎት ሲያበቃ ከሥሩ ፈረስ ብሎ ጻፈበት! ሥዕሉ ልክ፣ ጽሑፉ ስሕተት። ቆሜ ሳቅሁበት።»

ስተረጉም ሳቄን መያዝ አልቻልኩም። ቤንጃሚን ወንድሙን እያየ ነበር።

«የሣልኩት እኔ ነኝ» አለ ሞሪስ። «ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አባቴ ቃሉን ነገረኝ፤ ፈረስ ያልኩት ግን እኔ ነኝ። እሱ 'ለእንስሳ የሚሆን' ብቻ በል ብሎኝ ነበር።»

«አንተ ነህ?» አሉት እትዬ፣ ከእግር እስከ ራሱ እያዩት። «ጆሮ መሳል ትችላለህ።»

ዳያኑ ጠረጴዛውን በጣታቸው መቱ። «ወይዘሮ፣ የሱቁ መስኮት ላይ የተለጠፈ ካርድ ለምን ያነቡ ነበር?»

«ልጓሜን ስፈልግ! ለምን ይመስልዎታል? የሥራ ዕረፍት ባገኘሁ ቁጥር ከአርችዌይ እየመጣሁ የኪልበርንን መስኮት ሁሉ አንብቤዋለሁ። የጠፋ ድመት፣ የሚከራይ ክፍል፣ ሁሉን።»

«አሁን ግን 'ተውኩት' ብለዋል።»

«እሱማ ለሰው የሚባል ነው! ሽማግሌ ፊት፣ የሰው ልጆች ፊት፣ ስለ ቆዳ ላልቅስ?»

ዳያኑ ጢማቸውን ያዙ። «ካርዱን ትተው ሲሄዱስ ምን አሉ?»

እትዬ ወደ በሩ አዩ፤ መኩሪያ ከታች መኪናው ውስጥ መሆኑን እያረጋገጡ ነበር። «ይለፈኝ።»

«እትዬ፣ ይናገሩ» አልኩ። «ጨዋነቱ ሊያስበላን ነበር።»

«ተራገምኩ» አሉ በትንሽ ድምፅ። «ልጓሜን አግኝቶ የደበቀው ሰው እጁ አይታዘዝለት አልኩ። እዚያው መስኮቱ ፊት ቆሜ። ልብስ ሰፊው ከውስጥ ቁጭ ብሎ ይሰፋል። ከዚያም በኋላ ብዙ ጊዜ ብያለሁ። ጌታን ከተቀበልኩም በኋላ ብያለሁ።»

ይህን መተርጎም ከሁሉ ከበደኝ፤ የሚሰሙት ልጆቹ ናቸው። ግን ተረጎምኩ። ቤንጃሚን የገዛ እጁን ገልብጦ አየ። ከዚያ ሳቁ አመለጠው።

«አባቴ ዘጠና አልፎት ያለ መነጽር መርፌ ውስጥ ክር ያስገባ ነበር!»

«የደበቀው ነው ያልኩት» አሉ እትዬ፣ ትንሽ ፈታ ብለው። «አባታችሁ አልደበቀማ። መስኮት ላይ ለጥፏል። አልነካውም።»

ዳያኑ አንድ መጽሐፍ አወጡ፣ ገለጡ፣ ሳያነቡት ዘጉት።

«ተስፋ ቆረጡ የሚለን የራሳቸው አፍ ብቻ ነበር» አሉ። «ያሰረው አፍ ያው ራሱ መፍታት ይችላል፤ ይህ በሕጋችን የታወቀ ነው። ለዚያውም ቃላቸውን የሚደግፍላቸው የተቃራኒያቸው ሥዕል ነው። ደግሞ ሰው በተወው ዕቃ አይራገምም። ልጓሙ የወይዘሮ ጌጤነሽ ነው። ስጦታ አይደለም። የገንዘባቸው መመለስ ነው።»

እትዬ ይህንንም እስክተረጉም አልጠበቁኝም። ተነሥተው ለዳያኑ እጅ ነሱ፤ ከወገባቸው፣ እንደ ጥንቱ። ልጓሙን ግን ራሳቸው አላነሱትም። ሞሪስን አዩት። ሞሪስ ጥቂት ቆይቶ ገባው። በሁለት እጁ አንስቶ አቀረበላቸው።

«የአባቴ ስም የትም አይጻፍም ማለት ነው» አለ፤ ለማን እንደሚናገር ሳያውቅ።

«አባትህ ማን ይባላል?» አሉት እትዬ፤ ተረጎምኩ።

«ሳሙኤል።»

«ማን ጠበቀልሽ ሲሉኝ፣ ሳሙኤል ልብስ ሰፊው እላለሁ። በመስታወት ውስጥ አይደለም፤ በአፌ። ለአፌ አንድ ዳኛ መስክሮለታል።»

ቤንጃሚን የዳቦ ቤቱን ፌስታል ይዞ ሮጠ፤ ውጭ ካፊያ ነበር። እትዬ በእጃቸው ገፉት። ልጓሙን በግራ ትከሻቸው ላይ ጣሉት፤ ብሩ ካፖርታቸው ላይ ተንሿሿ። ደረጃውን እንዲህ ሆነው ወረዱ። መኩሪያ ሲያያቸው «ሃሌ ሉያ!» አለ፤ «ዝም ብለህ ንዳ» አሉት።

ሲመለስም መኩሪያ ሳትናቩን ሰማ። ቮክስሆል ላይ እንደገና ቆምን። ከፊት ያለው አውቶቡስ መብራቱን አጥፍቷል። መኩሪያ ዓይኑን ሊጨፍን ሲል የኋላው በር ተከፈተ።

«እትዬ፣ ወዴት ነው?»

«ቤቴ።»

ደረስኩባቸው። ድልድዩን በእግራቸው እየተሻገሩ ነው፤ ነጠላቸው ረጥቧል፣ ልጓሙ በትከሻቸው። የተገለበጠችው ንግሥት ፊቷን ወደ ካፖርታቸው አዙራለች። ሰዉ ሁሉ በተቃራኒው፣ ወደ ሰልፉ ይተማል፤ አበባ የያዘ፣ ታጣፊ ወንበር የያዘ። ከድልድዩ ማዶ አንድ ቢጫ ሰደሪያ የለበሰ አስተናጋጅ እጁን ዘርግቶ አስቆማቸው። በዕድሜ የገፉ ሴት ናቸው፤ ጥቁር ለብሰዋል፤ ምን ያስብ?

«የሰልፉ መጨረሻ በዚያ በኩል ነው፣ እመቤት» አላቸው በትሕትና። «ግን ብዙ ይጠብቃሉ።»

እትዬ ጌጤነሽ ቆሙ። ልጓሙን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉና በዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ በእንግሊዝኛ ተናገሩ።

«እኔ ጠብቄ ጨርሻለሁ። መንገድ ልቀቅልኝ።»

ለቀቀላቸው።